«እኔ የማየው በጣቴ ነው»

ጐበዝ፣ ይህ ገጽ መቼም ስለ ፍቅርና ስለ ኩርፊያ ሲመክር ነው የኖረው። ዛሬ ለአንድ ሳምንት ብቻ ፍቅረኞቹ ይታገሡኝና እኔ ስለ እንጨት ላውራ። «ደግሞ ለእንጨት ምን ወሬ አለው?» የሚል አይጠፋም። ቆይ ብቻ፣ ትሰማለህ!

አሁን አሁን በየከተማው ያለ ወጣት ከአልጋው ራስጌ ወይም ከሳሎኑ ጥግ አንዲት ትንሽዬ ማሽን ገትሮ የስም ሰሌዳ፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ፣ መስቀል፣ የሙሽሮች ፎቶ እየቀረጸ ይሸጣል። ኮምፒውተሩ ያዛል፣ ማሽኗ ትቀርጻለች። «ሲኤንሲ» ይሏታል። እኔም አንዷን ይዤ እዚሁ ቆቦ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ዳር አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ። የኔዋ «3018» የምትባለዋ ናት፤ ስሟ መጠኗ ነው፣ 30 በ18 ሴንቲ ሜትር ብቻ የምትሠራ ሚጢጢ። ይህ ነገር ድሮ የትልልቅ ፋብሪካ ሀብት ነበር። በቁጥር የሚታዘዝ መቅረጫ በአሜሪካው ኤምአይቲ ለሕዝብ የታየው በ1952 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መቆጣጠሪያው በዚያ ዘመን የራዲዮ ቫልቭ ይሠራ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ ኖርዌያዊ «ጂአርቢኤል» የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጀመረ። ዛሬ የኔን ማሽን የሚነዳት ይኸው ፕሮግራም ነው፣ ያውም መዳፍ በምታህል ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ።

ታዲያ ችግሩ ምን መሰላችሁ? ማሽኗ ትገዛለች፣ የመጀመሪያው ሥራ ይወጣል፣ ጎረቤት ተጠርቶ «ጉድ! ጉድ!» ይላል። ከዚያ አንዱ በጣቱ ዳሰስ ያደርገዋል… ትልም በትልም! ልክ እንደታረሰ ማሳ። ምን ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ «በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው!» እኔ በዚህ አልስማማም። ልስላሴ ወረቀቱ ከመነሣቱ በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ይህን አቋሜን ያጠነከሩልኝ አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ከዞብል ተራራ ግርጌ፣ ከራያ ቆላ፣ ሴት ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ እየመራች አመጣቻቸው። ትራኮማ የሁለቱንም ዓይናቸውን ብርሃን ከወሰደ ቆይቷል። (የአማራ ክልል ይህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ እንደሆነ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?) በነጠላ ጠቅልለው የያዙትን ሰሌዳ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። የአንድ ወጣት ፊት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ያጡት ልጃቸው። ጦርነቱ በቆቦ ሁለት ጊዜ ነው የተመላለሰው፣ በሐምሌ 2013 እና በነሐሴ 2014። የነዚያን ወራት ነገር እዚህ አልገባበትም።

ሰሌዳውን ሴት ልጃቸው ናት ከጉርድ ፎቶ አስቀርጻ ያመጣችላቸው። የት እንደተሠራ መናገር አያስፈልግም። ለዓይን ምንም አይልም፣ እንዲያውም ያምራል። ግን ያው ነው፣ ትልም በትልም።

«ልጄ» አሉኝ እናትየው፣ አውራ ጣታቸውን ጉንጩ ላይ ወደላይ ወደታች እያሸራተቱ፤ «የኔ ልጅ ፊቱ እንዲህ ነበር? ድመት የቧጠጠው ይመስላል እኮ! ዓይን ያለው ሁሉ ‹ቁርጥ እሱ ነው› ይለኛል። ዓይን ላለው ይሁንለት። እኔ የማየው በጣቴ ነው።»

«እማማ፣ እንዴት እንዲሆንልዎ ነው የሚፈልጉ?»

«እንደ ጉንጭ።»

እንደ ጉንጭ! ወይ አበሳ፣ ማን ነው እንጨት እንደ ጉንጭ የሚያደርግ?

ሴት ልጃቸው «ይህንኑ ብታለሰልሰውስ?» አለችኝ። አይሆንም። የብርጭቆ ወረቀት ትልሙንና ከንፈሩን ለይቶ አያውቅም፤ ከፍ ብሎ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ትልሙ እስኪጠፋ ባሸው አብሮ የአፍንጫው ጫፍ ይሄዳል፣ የዓይኑ ቆብ ይሄዳል፣ የከንፈሩ ጠርዝ ይሄዳል። የሚቀረው እንቁላል ነው። እንደገና መቀረጽ ነበረበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለች፣ አትሽሹ። ፊት የሚቀረጽበት ፑንታ ጫፉ ሹል ወይም ጠፍጣፋ ሳይሆን ክብ ነው፣ እንደ ኳስ። ይህ ክብ ጫፍ አንድ መስመር ሄዶ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሌላ መስመር ሲሄድ፣ በሁለቱ መሀል ሳይነካ የሚተወው ጠርዝ አለ። የጣት ጠላት እሱ ነው። ፈቀቅ የምትልበትን ርቀት ፕሮግራሞቹ «ስቴፕ ኦቨር» ይሉታል። የጠርዙ ቁመት የሚገኘው ርቀቱን በራሱ አባዝቶ፣ የፑንታውን የግማሽ ስፋት 8 እጥፍ ለውጤቱ ማካፈያ በማድረግ ነው። ባለ 3 ሚሊ ሜትር ፑንታ በ1 ሚሊ ሜትር ርቀት ሲሄድ 0.08 ሚሊ ሜትር ግድም የሚሆን ጠርዝ ይተዋል። ጣት ይህን በደንብ ያገኘዋል። በ0.5 ሲሄድ ጠርዙ 0.02 ነው። በ0.3 ሲሆን ደግሞ ከ0.01 በታች ይወርዳል። አያችሁ? ርቀቱ ግማሽ ሲሆን ጠርዙ ሩብ ይሆናል።

ግን ይህ በነፃ አይመጣም። የእናትየው ሰሌዳ 20 በ15 ሴንቲ ሜትር ነው። በ0.3 ርቀት 500 መስመር ማለት ነው፤ እያንዳንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ድምሩ 100 ሜትር። በደቂቃ 1 ሜትር ብትሄድ 100 ደቂቃ። አፍንጫ ላይ ስትወጣና ዓይን ውስጥ ስትገባ ፍጥነቷ ስለሚቀንስ በተግባር ከዚያ ይበልጣል። በ1 ሚሊ ሜትር ርቀት የሚቀርጽ ሰው ግን በግማሽ ሰዓት ጨርሶ ቡና ይጠጣል። የአብዛኛው የገበያ ሥራ ሚስጥር ይህችው ናት፤ ደንበኛው ስለማይዳስስ ማን ይጠይቃል? ዋጋ በካሬ የምትተምኑ ልጆች እስቲ በሰዓት ተምኑ፤ ያኔ መቸኮሉ ይቀራል።

«እንግዲያው በ0.1 ለምን አይኬድም?» የሚል ብልጥ ይኖራል። በኔዋ ማሽን ትርፉ ድካም ነው። ማሽኗ ራሷ ከምትወዛወዘው በታች ብትወርዱ ያው ውዝዋዜዋን ነው የምትቀርጹት። ስለዚህ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሞተሯን ጨበጥ አድርጌ ግራ ቀኝ፣ ወደፊት ወደኋላ እገፋታለሁ። ቀጭ የምትል ድምፅ ከሰማሁ ካቻቢቴዬን አነሣለሁ። የመንጃው ብሎን ላይ ባለ ስፕሪንግ ዳዶ አለች፤ እሷ ከላላች ማሽኗ አቅጣጫ በለወጠች ቁጥር ትዘላለች፣ ፊቱም ላይ መስመር ይወጣል። ፑንታውንም ረዘም አድርጎ ማሠር የለመደ አለ። ረጅም ፑንታ እንደ ሸምበቆ ይርገበገባል፤ ሥራው እስከፈቀደ ድረስ ወደ ውስጥ አስገቡት። ደግሞ አንድ ዶሮ የማታሞኝ ዘዴ ልንገራችሁ… ማሽኗ የተቀመጠችበት ጠረጴዛ ከተነቃነቀ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። የኔ ጠረጴዛ ግድግዳው ላይ በብሎን ታስሯል።

አሁን ወደ እንጨቱ። እዚህ ላይ እኔ ሳልሆን የጎረቤቴ ሽማግሌ አናጢ ናቸው ባለሙያው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። ማሽኔን አይወዷትም፤ «የምታላዝን መሮ» ነው የሚሏት። እንጨት ሲመርጡ ግን ላያቸው ያስቀናሉ። የቆላችን ግራር ጠንካራ ነው፤ ጭረቱ እየተጠላለፈ ስለሚሄድ ትንሽ ማሽን ያስለቅሳል። ባሕር ዛፍ ካልደረቀ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ግን ለፊት የተፈጠረ ነው፤ አይከብድም፣ አይገራገርም፣ ቀለሙም ወደ ቀይ ቡኒ ያደላል። ዛሬ ዋንዛ ቁረጡ ብዬ ግን አልመክርም፤ ሀገር በቀል ዛፍ እያለቀብን ነው። አሮጌ በር፣ አሮጌ አልጋ፣ የተሰበረ ሣጥን ፈልጉ። ለዓመታት የደረቀ ስለሆነ ከአዲሱ ይሻላል።

እናትየውም ከፈረሰ ጎተራ በር የወጣ የዋንዛ ጣውላ አስላኩልኝ። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በጣውላው ላይ ማዞር ነበር። ሁለት ቦታ ላይ ጠብ አለ፤ ውስጡ የተሰበረ ምስማር አለ። ፑንታ ምስማር ቢያገኝ ኖሮ ፑንታውም እኔም አበቃልን! ከዚያ ጣውላውን ወደ ባለሱቁ ሚዛን ወስደን መዘንነው፣ በሳምንቱ ደግመን መዘንነው፣ ለሦስተኛም ጊዜ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም እንጨቱ ከቆቦ አየር ጋር ታርቋል ማለት ነው። ይህን ለከተሜዎች በተለይ ልብ በሉልኝ፦ ደጋ ላይ ደርቋል የተባለ እንጨት የራያ ሙቀት ውስጥ ሲገባ እንደገና ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይጠብባል፣ ይጠማዘዛል። ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ጣውላ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ክፍሉ ውስጥ ይረፍ። እርጥብ እንጨት ደግሞ የፈለገውን ያህል ፑንታው ቢሳል ፀጉር ያበቅላል፤ ጭረቱ በመቆረጥ ፈንታ ይተኛና በኋላ ይነሣል።

ፎቶው ላይ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ሰው ፎቶውን እንዳለ ለፕሮግራሙ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል? የጠቆረውን ይቆፍራል፣ የነጣውን ከፍ ያደርጋል። ጥርሱ ከአፍንጫው በላይ ይወጣል፣ ፀጉሩ ጉድጓድ ይሆናል! ጥላ ማለት ጥልቀት አይደለም። አሁን ከአንድ ፎቶ ጥልቀትን የሚገምቱ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራሞች ስላሉ ሥራው ቀሏል፤ ቢሆንም ግምት ግምት ነው። አፍንጫውን፣ የዓይኑን ጉድጓድ፣ አገጩን እኔው ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩ። ሴት ልጃቸው አጠገቤ ሆና «ጉንጩ ትንሽ ሞላ ያለ ነበር… እንደሱ… አሁን አበዛኸው» እያለች ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀን።

ዋንዛውን ከመንካቴ በፊት በርካሽ እንጨት የሙከራ ቀረጽኩ። ይህንን ሁልጊዜ አደርገዋለሁ፣ እናንተም አድርጉት። እናትየው መጡና ዳሰሱት። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጉንጩን ዳሰሱ። ፊታቸው ላይ ነገር ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የግራ ቅንድቡ ላይ ቆሙ። ጣታቸው እዚያች ቦታ ላይ ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ።

«ጠባሳው የታለ?»

ከሴት ልጃቸው ጋር ተያየን።

«ሰባት ዓመቱ ላይ ፍየል ሲጠብቅ ከግራር ላይ ወድቆ የተፈነከተው፣ እኔው በእጄ ያሰርኩት! እሷ አልተወለደችም ያኔ። የታለ?»

ጉርድ ፎቶው ላይ ብዥ ብሎ አለ። ያጠፋው ፕሮግራሙ ነው። ፎቶው ላይ ያለውን ብጥብጥ ለማጥፋት ሁሉንም ነገር ዳመጥ ያደርገዋል፤ የቆዳ ቀዳዳና የልጅነት ጠባሳ ለእሱ አንድ ናቸው። «ለስላሳ ፊት» ሲባል ሁሉም ነገር የጠፋበት ፊት እንዳይመስላችሁ። ማለስለሻውን የምትጫኑት በመላው ፎቶ ላይ ሳይሆን ቦታ ቦታ እየመረጣችሁ፣ ሰውየውን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ነው። ፀጉሩንም እንደዚሁ፦ ልጁ እንደ ራያ ወጣቶች ጎፈሬ ነበር። እዚያ ላይ ሆን ብዬ ርቀቱን ወደ 1 ሚሊ ሜትር አሰፋሁት። በሌላ ቦታ የሚጠላው ትልም እዚያ ፀጉር ሆነ።

(ከእንጨት የሟችን ምስል ማቆም በሀገራችን እንግዳ አይደለም። ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸው «ዋካ» የሚሉትን ምስል ከመቃብሩ ዘንድ ያቆሙ ነበር፤ ምድራቸውም በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እነሱ ያለ ኤሌክትሪክ ነው የሠሩት፣ እኔ መብራት ሲጠፋ እጄን አጣምሬ እቀመጣለሁ።)

መብራትን ካነሣን ዘንድ፣ ይህ ትልቁ የልስላሴ ጠላት ነው ብል አልዋሸሁም። መሀል ላይ እልም ሲል ማሽኗ የት እንደነበረች ትረሳለች። እንደገና ሲጀመር የፀጉር ያህል ብትስት ፊቱን የሚያቋርጥ መስመር ይወጣል። ስለዚህ ፊቱን በአንድ ፋይል አልሰጣትም፤ ግንባር፣ መሀል ፊትና አገጭ ብዬ ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ፣ መገጣጠሚያውንም ቅንድብ ሥርና ከንፈር ሥር እደብቀዋለሁ። ከምስሉ ውጪ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ቀዳዳ አስቀድሜ እበሳለሁ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፑንታው ልክ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ቦታችንን አግኝተናል። አቅሙ ያለው ዩፒኤስ ይግዛ።

የመጨረሻው ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት አብዛኛው እንጨት በጠፍጣፋ ፑንታ ተነሥቷል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው ለክቡ የቀረለት። እዚህ ላይ ጋሼ በቤንዚን ሳይሆን በራሱ ማቅጠኛ በደንብ የቀጠነ ቫርኒሽ በብሩሽ ቀብተው እስኪደርቅ ጠበቅን። ይህ ለውበት አይደለም፤ የጭረቱን ፀጉር ቀጥ አድርጎ ይይዘዋልና ፑንታው ሲመጣ አይተኛም፣ ይቆረጣል። ከዚያ ክቡን ፑንታ አዲሱን አውጥቼ አሰርኩ። ጉዞውንም በጭረቱ አቅጣጫ አደረግሁት። በጭረቱ ላይ አግድም ከሄዳችሁ የቀረችው ጥቂት መስመር ሁሉ ትታያለች፤ በጭረቱ ከሄዳችሁ ግን ከእንጨቱ ደም ሥር ጋር ትመሳሰላለች።

ማሽኗ ስትሠራ እኔ የማየው ብናኙን ነው። እንደ ሽሮ የላመ ዱቄት ከሆነ ወይ ፑንታው ደንዝዟል፣ ወይ ጉዞው ዘግይቶ ከመቁረጥ ይልቅ እያሸ ነው። የማረር ሽታ ይከተላል። እንደ ቅንጬ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ከሆነ ደህና ነው። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የእንጨት ብናኝ ሳንባ አይወድም።

ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ፈጀ። አምፖል ወደ ጎን አዙሬ ፊቱን በአግድም ብርሃን አየሁት፤ ትልም ካለ ጥላው ይታያል። ጉንጩ ላይ ምንም የለም። ግንባሩ ላይ ትንሽ ቀርታ ነበር። ጋሼ የጠርሙስ ስባሪ አምጥተው በስለቱ ፈቅ ፈቅ አደረጉት፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ወጣ። ድሮ የብርጭቆ ወረቀት ሳይኖር ይህ ነበር አሉኝ። ወረቀት የነካው ጉንጩንና አንገቱን ብቻ ነው፣ ያውም ባለ 320ውን አንድ ሁለቴ። በመጨረሻ ጋሼ ሳንጃ ቢላቸውን አወጡና እናትየው ጣታቸውን ባኖሩበት፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ፣ አንዲት አጭር መስመር ጫሩ። ማሽኔ ያንን ልትሠራው ትችል ነበር። ግን ዝም አልኩ።

እናትየው ሰሌዳውን ተረክበው ብዙ ጊዜ ዳሰሱት። አላለቀሱም። «አብሽር፣ እጅህ ይባረክ» ብለውኝ ሴት ልጃቸውን «ጠባሳውን አንቺም ንኪው» አሏት።

ቫርኒሽ ላዩ ላይ ድጋሚ አልቀባሁትም። ቀን ከሌት የሚዳሰስ ነገር ላይ ቫርኒሽ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል፣ እጅ ያንሸራትታል። የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈው በጨርቅ ይጠረጋል፤ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃልና አትቸኩሉ። ሲደርቅ ደግሞ የንብ ሰም ይታሸዋል። ሴት ልጃቸው በዓመት አንዴ ሰሙን እንድትደግምለት ጥቂት ሰጥቻታለሁ። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትወርውሩት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፤ የታጨቀ ጨርቅ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊነድ ይችላል፣ በቆቦ ፀሐይ ደግሞ አስቡት። ዘርግታችሁ ደጅ ለብቻው አስጡት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።